ቀሚስ አይከሰስም፣ እጅ ግን ይከሰሳል

ጥያቄ፦ የደሴ ነዋሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ 24 ነው። ፒያሳ አካባቢ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ባለፈው ሳምንት እጅጌ የሌለውና ከጉልበት ከፍ ያለ ቀሚስ ለብሼ ወደ ሸዋ በር ስሄድ ሦስት ወጣቶች እየተከተሉ ለከፉኝ፣ ሰደቡኝ። አንደኛው ክንዴን ይዞ ጎተተኝ፤ ሌላው ፎቶ አንስቶኝ ቴሌግራም ላይ ለጠፈው። ለማመልከት ስሄድ የተቀበለኝ ፖሊስ «መጀመሪያ ልብስሽን አስተካክይ፣ አንቺም ትጠየቂያለሽ» አለኝ። እውነት አለባበሴ ያስከስሰኛል?

መልስ፦ አያስከስስዎትም። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 2 መሠረት፣ ሕጉ ወንጀል ነው ያላለውን ድርጊት ፍርድ ቤት ወንጀል ሊያደርገው አይችልም። የቀሚስን ርዝመት የሚለካ አንቀጽ ደግሞ አልተጻፈም። ፖሊሱ አስቦት ከሆነ ያሰበው አንቀጽ 639ን ይመስለኛል። እርሱ የሚመለከተው በሕዝብ ፊት የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ድርጊትን ወይም መልካም ጠባይን በከባዱ የሚነካ ሌላ አስነዋሪ ድርጊትን ነው። ወደ ጉዳይዋ የምትሄድን ሴት እዚያ ውስጥ ለማስገባት ሕግ ማንበብ ሳይሆን ሕግ መፈልሰፍ ያስፈልጋል።

ደሴ የልጆቿን አለባበስ አትኩራ የምታይ ከተማ መሆኗን አልክድም። መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም በቅጥራቸው ውስጥ ሥርዓት አላቸው፤ አሠሪዎም ጋውን ልበሺ ቢልዎ ያስኬደዋል። እናትዎ «ልጄ፣ ነጠላ ጣል አድርጊበት» ቢሉ ምክር ነው። ፖሊስ ሲናገረው ግን የትኛው አንቀጽ ተብሎ ይጠየቃል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 24 ሰብአዊ ክብርንና የራስን ስብእና በነፃ የማሳደግ መብትን ያረጋገጠው የለበሰው ረጅም ነው ወይስ አጭር ብሎ ሳይለይ ነው።

የሚያስቸግረው ሌላው ወገን ነው። የወንጀል ሕጋችን የመንገድ ላይ ለከፋን በስሙ ጠርቶ አይቀጣም። ወሲባዊ ትንኮሳን በስሙ የሚከለክለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ከሥራ ግንኙነት ውጭ አይሄድም። ይህ ክፍተት ነው፤ ሕግ አውጪዎቻችን እስካሁን አለመድፈናቸው ያሳዝናል። ስለዚህ አቤቱታዎ «ለከፉኝ» በሚል አንድ ቃል ብቻ ከቀረበ መዝገብ ቤት ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። የሆነውን ይተንትኑት።

ክንድዎን ይዞ መጎተቱ፣ ጉዳት ባያደርስም እንኳ፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 560 የእጅ እልፊት ነው። ስድቡ አንቀጽ 615 ሥር ይወድቃል፤ የተባለውን ቃል ሳያፍሩ እንዳለ ያስጽፉት፣ ዳኛው «ብልግና ተናገሩኝ» በሚል ብቻ ሊመዝነው አይችልም። ሁለቱም በግል አቤቱታ፣ ማለትም ተበዳዩ ራሱ ሲያመለክት ብቻ የሚቀርቡ ናቸው፤ የማመልከቻው ጊዜ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቁበት ቀን ጀምሮ 3 ወር ነው። ሽማግሌ እየተላከ፣ ነገ ዛሬ ሲባል የሚያልፈው ይህ ጊዜ ነው።

ፎቶውን በተመለከተ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይባዛ ይከለክላል፤ እንዲነሳልዎት መጠየቅ ይችላሉ። ከመጥፋቱ በፊት ግን የለጠፈውን ሰው ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን የሚያሳይ የስክሪን ቅጂ ያስቀምጡ። የሞራል ካሳም ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ብዙ አይጠብቁ እንጂ። አንቀጽ 2116 ጣሪያውን 1,000 ብር አድርጎታል። ሕጉ በወጣበት በ1952 ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የማመልከቻ ጽሕፈቱንና የመመላለሻውን ወጪ መሸፈኑ ያጠራጥራል።

ፖሊስ ጣቢያው አሁንም አቤቱታዎን አልቀበልም ካለ የጣቢያውን ኃላፊ፣ ካልሆነም ዐቃቤ ሕግን ያነጋግሩ። በግል አቤቱታ በሚያስቀጣ ወንጀል ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃው አይበቃም ብሎ ክስ ባይመሠርት፣ በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 44 እርስዎ ራስዎ የግል ክስ እንዲያቀርቡ በጽሑፍ ፈቃድ ይሰጥዎት ይላል። ለዚህ ሁሉ ምስክር ወሳኝ ነው። ሸዋ በር ሰው የሚጠፋበት ስፍራ አይደለም፤ ቡና የምታፈላ፣ ሱቅ የከፈተ፣ ባጃጁን ያቆመ ያየ ይኖራል። ሁለት ሰዎች ፈቃደኛ ከሆኑ ስማቸውንና አድራሻቸውን ይያዙና አቤቱታው ላይ ያስመዝግቡ።