ሁለቴ ሄጄ አንዴም ያልረገጥኳት ደሴት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኖርዌይ በቱሪስት መርከብ ላይ ወጥ ቤት ሲሠሩ ወደ ዋልታው እንደተጓዙ ጽፈው ነበር። በረዶው ቀለጠ፣ እንስሳቱም አለቁ ሲባል እሰማለሁ። ተመልሰው ያዩት ቦታ አለ? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ አለ እህቴ፤ ሞፈን ትባላለች። ስቫልባርድ በሚባሉት የኖርዌይ የዋልታ ደሴቶች በስተሰሜን በኩል ያለች ትንሽ ደሴት ናት፣ 80ኛውን የኬክሮስ መስመር ለጥቂት አለፍ ብላ። የበረዶ ተራራ ጠብቀሽ ከሆነ ይቅርታ። ዝርግ ጠጠር ናት፣ መሃሏ ላይ ኩሬ። ከባሕሩ ከፍ የምትለው በጥቂት ሜትር ስለሆነ ካልቀረብሽ አትታይሽም።

በ2011 (በፈረንጆቹ) ሐምሌ ላይ ስንደርስ ዙሪያዋን የበረዶ ስብርባሪ ሞልቶት ነበር። መርከቡን ሲገጨው ድስቶቼ ይንጫጩ ነበር። በ2022፣ በዚያው ወር፣ ውሃው ጥርት ብሏል። ድስቶቹም ጭጭ። መቼም ነፋስ በረዶ ያመጣል፣ ይወስዳልም፤ በሁለት ጉዞ ብቻ አልፈርድም። ግን ከ1979 ጀምሮ በሳተላይት ሲለካ የአርክቲክ የበጋ በረዶ በጣም ቀንሷል።

እንስሳቱ አለቁ ያልሽው ላይ ግን አልስማማም። ሞፈን የዋልረስ ማረፊያ ናት። ዋልረስ ማለት ሁለት ረጃጅም ጥርስ ያለው የባሕር እንስሳ ነው፤ ወንዱ ከ10 ኩንታል በላይ ይመዝናል። ለጥርሱና ለስቡ ሲባል ለዘመናት ታድኖ ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው፣ በ1952 አደኑ ተከለከለ። ደሴቷ ራሷ በ1983 ጥብቅ ሥፍራ ሆነች። ከሜይ 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከ300 ሜትር በላይ መጠጋት ክልክል ነበር። ዋልረስ ከደነገጠ እየተረጋገጠ ወደ ባሕር ይሮጣልና።

እናም በሰው መነጽር ከሩቅ አየሁ። በመጀመሪያው ጉዞ ሃያ ያህል ቆጠርኩ። በሁለተኛው 40 ላይ ደርሼ ተውኩት፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው የቱ ራስ የቱ ጅራት እንደሆነ አይለይም። ከውሃ የወጣው ነጣ ብሏል፣ ፀሐይ ሲሞቅ የቆየው ቀልቷል። ነፋሱ ሲዞርማ፣ ለወራት ያልተጠረገ በረት ሸተተን።

እሱን ሳይ ሾርባው አረረብኝ። ደግነቱ ተሳፋሪው ሁሉ ውጭ ቆሞ ስለነበር ምሳ የጠየቀኝ አልነበረም።