«የቱ ፎቅ ይበልጣል?» ለምትሉኝ የደብረ ብርሃን ልጆች

አርክቴክቸርና ሲቪል የምትማሩ ልጆች ባገኛችሁኝ ቁጥር «ጋሼ፣ የቱ ፎቅ ይበልጣል?» ትሉኛላችሁ። በምን? በቁመት ከሆነ እኔ ምን አደርግላችኋለሁ፣ ስልካችሁ ይነግራችኋል። አዲስ አበባ ያለው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር ያልፋል። የአፍሪካ ኅብረት 99.9 ሜትር ላይ የቆመው ግን አቅም አንሶት አይደለም፤ ኅብረቱ እንዲመሠረት የተወሰነበትን የሲርት መግለጫ ቀን፣ በፈረንጆቹ 9/9/99ን፣ ለማስታወስ ነው። ቁጥሯ ደስ ትላለች፣ ስለ ሕንፃው ግን ብዙ አትነግራችሁም።

ይልቅ ቅርጹ የመጣው ከምን ችግር እንደሆነ ጠይቁ። ቺካጎ ውስጥ ሁለት ፎቆች አሉ፤ የሁለቱም መሐንዲስ ዳካ የተወለደው ፋዝሉር ካን ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ያለቀው ጆን ሃንኮክ ሰያፍ ብረቶቹን ከውጭ፣ ሰው እያየው፣ ፊቱ ላይ አጋድሟቸዋል። ሲርስ (አሁን ዊሊስ ታወር የሚባለው) ደግሞ 9 ካሬ ቱቦ አንድ ላይ እንደማሰር ነው፤ ሌሎቹ እየቀሩ ሁለቱ ብቻ 442 ሜትሩ ጫፍ ይደርሳሉ። መልካቸው አይገናኝም፣ የሚታገሉት ግን አንዱን ነፋስ ነው። ነፋስን ደግሞ ለእናንተ ማን ያስተምራችኋል!

አሁን ወደ ራሳችን። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ እኛ ግን የአዲስ አበባን መስታወት እንዳለ እየገለበጥን ነው። እስቲ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ወደ ምዕራብ የዞረ የመስታወት ቢሮ ግቡ። ፀሐይዋ ስለምትጠብስ ሠራተኛው መስታወቱ ላይ ካርቶን ለጥፎ፣ መጋረጃ ዘግቶ፣ በቀን መብራት አብርቶ ነው የሚሠራው። ጠዋት ያው ክፍል በረዶ ነው፣ ጋቢ ያስደርባል። ያን ያህል ብር የፈሰሰበት መስታወት በካርቶን ሲሸፈን አያናድድም? የመንዝ ድንጋይ ቤት ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። ፎቅ በድንጋይ ሥሩ አላልኩም። የምዕራቡን መስኮት አጥብቡት፣ ጥላ የሚጥል ነገር አውጡለት ነው የምለው። ደግሞ «ሰሜን ፀሐይ አያገኝም» የሚል የፈረንጅ መጽሐፍ ካነበባችሁ እዚህ አይሠራም፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ እኩለ ቀን ፀሐይ የምትውለው በሰሜን በኩል ነው።

ሌላ ጊዜ ስትመጡ የፎቁን ፎቶ ሳይሆን የወለሉን ፕላን ይዛችሁልኝ ኑ። ሊፍቱና ደረጃው የት እንደተቀመጡ እያየን እንጨቃጨቃለን።