ይሄን ለምን ቆረጡት? ስለ ፋንታሲ መጽሐፎችና ፊልሞቻቸው ጥያቄና መልስ

ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት ስለ ፋንታሲ ልብወለዶችና ከእነሱ ስለተሠሩ ፊልሞች ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። አብዛኛው «ይሄን ለምን ቆረጡት?» የሚል ቁጭት ነው። ቁጭቱ ይገባኛል። እኔ ግን ፊልም ስመዝን የጎደለውን ትዕይንት አልቆጥርም። የማየው አንድ ነገር ነው፦ ገጸ ባሕርያቱ የሚያደርጉትን ነገር የሚያደርጉበት ምክንያት በቦታው አለ ወይስ ተነቅሏል? መልሶቼ ሁሉ ከዚህ ይነሳሉ። የታሪኮቹን መጨረሻ ስለማነሳ ያላነበባችሁ ተጠንቀቁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቶም ቦምባዲልን ከሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ማውጣት ወንጀል አይደለም?

መልስ፦ አይደለም፤ እንዲያውም ልክ ነበሩ። መጽሐፉ በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ የወጣ፣ ከ1,000 ገጽ የማያንስ ሥራ ነው። ፒተር ጃክሰን ከ2001 እስከ 2003 ባወጣቸው ሦስት ፊልሞች ሁሉን ሊያስገባ አይችልም። ዋናው ጉዳይ ግን ርዝመቱ አይደለም። ታሪኩ ያደረገውን ሰው ስለሚሰውርና ሁሉን ስለሚፈትን አደገኛ ቀለበት ነው፤ የሚሸከመው ፍሮዶ ነው። ቶም ግን ቀለበቱን ከፍሮዶ ተቀብሎ ጣቱ ላይ ያደርገዋል፤ ምንም አይሆንም። አይሰወርም። ጭራሽ ቀለበቱን ራሱን ወደ ላይ ወርውሮ ይሰውረዋል። መጽሐፉ ለዚህ ጊዜ አለው። በኋላ በኤልሮንድ ጉባኤ ላይ «ለምን ለእሱ አንሰጠውም?» የሚለው ተነስቶ መልስ ያገኛል። ፊልሙ ግን በዚያ ሰዓት ገና ቀለበቱን እንድንፈራው እያስለመደን ነው። አንድ ሰው እንደ መጫወቻ ሲያገላብጠው ብናይ ፍርሃቱ ይበናል፤ ፍሮዶ የሚከፍለው ዋጋም ይቀልብናል።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ፋራሚርስ? እሱን ያበላሹበት መንገድ እስካሁን አልወጣልኝም።

መልስ፦ እዚህ ላይ ካንተ ጋር ነኝ። በመጽሐፉ ፋራሚር ቀለበቱን መንገድ ላይ ወድቆ ቢያገኘው እንኳ እንደማያነሳው ይናገራል። ፍሮዶ የያዘው ምን እንደሆነ ካወቀ በኋላም ቃሉን ይጠብቃል። በ2002ቱ ፊልም ግን ፍሮዶንና ጓደኛውን ሳምን አስሮ እስከ ኦስጊሊያዝ ከተማ ይነዳቸዋል። የስክሪፕቱ ጸሐፊዎች ምክንያታቸውን ተናግረዋል፦ ቀለበቱ ሁሉን የሚፈትን ከሆነ፣ አንድ ሰው በቀላሉ እምቢ ሲለው ኃይሉ ይቀንሳል። ሌላም ችግር ነበረባቸው። ግዙፏ ሸረሪት ሼሎብ ወደ ሦስተኛው ፊልም ስለተዛወረች፣ ለፍሮዶ ጉዞ በሁለተኛው ፊልም ማብቂያ ላይ ሌላ እንቅፋት መፈለግ ነበረባቸው።

ሁለቱም የሙያ ምክንያቶች ናቸው፤ አላጣጥላቸውም። ግን ደራሲው ቶልኪን ለቀለበቱ ፈተና የወደቀውን ቦሮሚርን ካሳየን በኋላ ወንድሙን ፋራሚርን ያመጣው በከንቱ አይደለም። አንድ ቤት፣ አንድ አባት፣ አንድ ፈተና፤ አንዱ ወደቀ፣ ሌላው ቆመ። ፊልሙ የቆመውን አንገዳገደው። ረጅሙን ቅጂ ካላየኸው ግን እየው። አባታቸው ዴኔቶር ቦሮሚርን እያወደሰ ፋራሚርን የሚያንኳስስበት ትዕይንት አለው። ልጁ ቀለበቱን ለአባቱ ሊወስድ ለምን እንደፈለገ ያኔ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሲኒማ ቤት ከታየው ቅጂ ውስጥ መውጣት ያልነበረበት ያ ትዕይንት ነው።

ጥያቄ፦ ሦስተኛው የሃሪ ፖተር ፊልም ምርጡ ነው ሲባል ይገርመኛል። ግማሹን ታሪክ አልነገረንም እኮ!

መልስ፦ አንቺም ልክ ነሽ፣ ምርጥ ነው የሚሉሽም ልክ ናቸው። አልፎንሶ ኩዋሮን በ2004 ያወጣው ይህ ፊልም ፍርሃትን በዓይን ያሳያል። ደስታን የሚመጥጡት አስፈሪ ፍጡሮች፣ ዲሜንተሮቹ፣ ባቡሩ ውስጥ ሲገቡ መስኮቱ በውርጭ ይሸፈናል፤ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ውሃ ይረጋል። ማንም ምንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። አስማተኛውን ካርታ የሠሩት የሃሪ መምህር ሉፒን፣ ፔቲግሩ፣ ሲሪየስና የሃሪ አባት ጄምስ መሆናቸውን አይነግረንም። ጄምስ ራሱን ወደ አጋዘን ይለውጥ እንደነበርም አይነግረንም። ስለዚህ ሐይቁ ዳር ከሃሪ ዘንግ አጋዘን ሲወጣ ያነበበ ሰው አባትየውን ያያል፤ ያላነበበ ደግሞ የሚያምር የብርሃን እንስሳ ብቻ ያያል። ሉፒን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊጨርሰው ይችል ነበር። እንዲህ ያለችው ትንሽ ቅነሳ ናት ከትልቁ ቅነሳ በላይ የምትጎዳው።

ጥያቄ፦ ፒቭስን ለምን ጨርሰው ተዉት?

መልስ፦ ያን ረባሽ መንፈስ ሪክ ሜያል ተጫውቶት፣ ተቀርጾም ነበር፤ ከመጀመሪያው ፊልም ላይ ቆረጡት። ሳቅ ጎድሎናል፣ ታሪኩ ግን አልተነካም።

ጥያቄ፦ ርእሰ መምህሩ ደምብልዶር በአራተኛው የሃሪ ፖተር ፊልም ሃሪ ላይ መጮኹ ይሄን ያህል ያናድዳል?

መልስ፦ አዎ! ለውድድሩ ስምህን አስገብተሃል ወይ ብሎ ሲጠይቀው፣ መጽሐፉ «በእርጋታ ጠየቀ» ይላል። ፊልሙ ውስጥ ሽማግሌው ሮጦ ልጁን አንቆ ሊይዘው ምንም አልቀረውም። ሃሪ እሱን የሚያምነው ሌላው ሁሉ ሲንጫጫ ስለማይናወጥ ነው። ያ እርጋታ ሲወሰድ እምነቱ ምን ላይ ይቁም?

ጥያቄ፦ ዘ ሆቢትን ሦስት ፊልም ማድረግ ተገቢ ነበር?

መልስ፦ አልነበረም። በ1937 የወጣ፣ በአንድ ቅጽ ያለቀ የልጆች ታሪክ ነው። መጀመሪያ ሁለት ፊልም ሊሆን ታቅዶ በ2012 ሦስት ተደረገ። መጽሐፉ ውስጥ የሌለች ታውሪኤል የምትባል ገጸ ባሕርይም ተፈጠረች፤ የፍቅር ታሪክም ተጨመረላት። ለመጨመር መብት አላቸው። ግን በተጨመረ ቁጥር ቢልቦ በገዛ ፊልሙ ውስጥ እንግዳ እየሆነ ሄደ። መጽሐፉን እዩት፦ ታላቁ ውጊያ ላይ ቢልቦን ድንጋይ ጭንቅላቱን መትቶት ራሱን ይስታል፤ መጨረሻውን ከሌሎች ነው የሚሰማው። ደራሲው ጦርነቱ የትንሹ ሰው ታሪክ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር። ሦስተኛው ፊልም ግን ዋና አቅሙን ያፈሰሰው እዚያው ላይ ነው። ከሦስቱም የምወደው የቢልቦና የጎለም የእንቆቅልሽ ግጥሚያ ነው። ሁለት ፍጡሮች ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው ያወራሉ፤ ቢልቦ ከተሸነፈ ይበላል። ማንም አልቸኮለም፣ ማንም ምንም አልጨመረበትም።

ጥያቄ፦ ደራሲው ራሱ ቢሳተፍ ፊልሙ አይድንም?

መልስ፦ ሊድን ይችላል። ዊልያም ጎልድማን ዘ ፕሪንሰስ ብራይድን በ1973 ጻፈ፤ የ1987ቱን ፊልም ስክሪፕትም ራሱ ጻፈው። በገዛ መጽሐፉ ላይ አልራራም። መጽሐፉ ከአንድ ጥንታዊ ሥራ ያጠረ መስሎ ነው የሚቀርበው፤ ያን ሁሉ ጨዋታ አያት ለታመመ የልጅ ልጁ በሚያነብበት ክፍል ተካው። በጣም የተሳካ መተኪያ ነው።

ተቃራኒውን ደግሞ ሚካኤል ኤንደ ላይ እናገኛለን። ኔቨርኤንዲንግ ስቶሪ በ1979 ወጣ፤ ፊልሙ በ1984። ኤንደ ሥራው እንዲቆም ወይም ርዕሱ እንዲቀየር ከስሶ ተረታ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ደራሲ ግትርነት ያየዋል። እኔ አላይም። ፊልሙ የሚያልቀው መጽሐፉ ግማሽ አካባቢ ሲደርስ ነው። ባለታሪኩ ልጅ ባስቲያን ምኞቱ ይሰምርለታል፤ በዘንዶው ጀርባ ሆኖ ያሠቃዩት የነበሩትን ልጆች ያባርራል፤ እኛም እናጨበጭባለን። መጽሐፉ ውስጥ ግን ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ምኞት አንድ ትዝታ ይወስድበታል። ኃያል እየሆነ በሄደ ቁጥር ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደነበረ ይረሳል። ሁለተኛው ግማሽ በሙሉ የዚህ ዕዳ ታሪክ ነው። አስማቱን አስቀርቶ ዋጋውን መሰረዝ ማለት ይሄ ነው። ልጅ ሆነው በፊልሙ የተደሰቱትን አልወቅስም፤ መጽሐፉን እንዲያነቡ ግን እለምናቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ መጽሐፉን እንዳልነበረ አድርጎ ቀይሮ የተሳካለት ፊልም አለ?

መልስ፦ አለ፤ የሃያኦ ሚያዛኪ ሃውልስ ሙቪንግ ካስል። ዳያና ዊን ጆንስ በ1986 በጻፈችው መጽሐፍ የአስማተኛው ቤት በር በአንድ አቅጣጫው የሚከፈተው ወደ ዌልስ፣ ማለትም እኛ ወደምንኖርበት ዓለም ነው። አስማተኛው ሃውል የዚያ ሰው ነው። የ2004ቱ ፊልም ያን በር ወደ ጦርነት ከፈተው። ትልቅ ለውጥ ነው። ሶፊ ግን ሶፊ ናት፦ ራሷን ዝቅ አድርጋ የምታይ ወጣት ናት፤ በእርግማን አሮጊት ስትሆን ድፍረት ታገኛለች። ፊልሙ ይህን በራሱ ቋንቋ ተናገረው፤ ስትተኛ ፊቷ ወጣት ይሆናል፣ ስትነቃ ያረጃል። ደራሲዋም ፊልሙን ወዳዋለች።

ጥያቄ፦ የተዋናዩ መልክ መጽሐፉ እንዳለው ባይሆን ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ጸጉሩ ቡናማ ሆነ ጥቁር ለእኔ ግድ የለም። ነገር ግን ኧርሱላ ለ ጊን በ1968 የአስማቱን ምድር ኧርዝሲን ስትጽፍ ጀግናውን ጌድን ቀይ ዳማ አድርጋ የሣለችው አስባበት ነው። የፋንታሲ ጀግና ሁሉ ነጭ መሆን የለበትም ብላ ነው። የ2004ቱ የቴሌቪዥን ሥራ ነጭ አደረገው፤ እሷም በአደባባይ ተቃወመች። ልክ ነበረች።

ጥያቄ፦ ታዲያ በፊልም ፋንታ ተከታታይ ድራማ ቢሆን አይሻልም?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ይሻላል። የ2007ቱ ፊልም ጎልደን ኮምፓስ፣ የሦስት ተከታታይ መጽሐፎች የመጀመሪያ የሆነውን መጽሐፍ የመጨረሻ ምዕራፎች ትቶ አለቀ። እዚያ ምዕራፎች ውስጥ ባለታሪኳ ልጅ ላይራ ጓደኛዋን ሮጀርን ይዛ አባቷ ጋ ትደርሳለች፤ አባትየውም ልጁን ለሞት ይዳርገዋል። በሦስተኛው መጽሐፍ ወደ ሙታን ምድር የምትወርደው እሱን ፍለጋ ነው። ያ ሞት ሳይኖር ቀሪው ታሪክ ከየት ይነሳል? ከ2019 እስከ 2022 የታየው ተከታታይ ሦስቱን መጽሐፎች በሦስት ሲዝን ጨረሰ፤ ያን ሞትም አልሸሸም።

ጊዜ ማግኘት ብቻውን ግን አይበቃም። ጌም ኦፍ ትሮንስ በ2011 ጀምሮ በ2019 እስኪያልቅ ከአምስተኛው መጽሐፍ በኋላ ስድስተኛው አልወጣም። መጽሐፉ ለአዘጋጆቹ ካለቀባቸው በኋላ ገጸ ባሕርያቱ በአንድ የድራማ ክፍል ውስጥ አገር ያቋርጡ ጀመር። መጀመሪያ ላይ ጉዞው ራሱ ነበር ሰውን የሚለውጠው።

ጥያቄ፦ ላልጀመረ ሰው ምን ትመክራለህ? ቀድሞ ያንብብ ወይስ ይመልከት?

መልስ፦ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስን ፊልሙን ቀድሞ ቢያይ አይከፋም፤ የስሙ ብዛት ፊት ያገኛል፣ ንባቡም ይቀልለታል። ሃሪ ፖተርን ግን ያንብብ፣ ቢያንስ እስከ ሦስተኛው። የኤንደን መጽሐፍ ደግሞ ሳያነብ ፊልሙን ባይነካው እመርጣለሁ።