ከረጅም ሩጫ በኋላ የሚጨምር ትሮፖኒን የልብ ሕመም ምልክት ነው?

ጥያቄ፦ የ22 ዓመት ሯጭ ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ባለፈው እሑድ ጠዋት ወደ ጮቄ በሚያወጣው ዳገት 30 ኪሎ ሜትር ከሮጥኩ በኋላ ድካሙ ስለጠናብኝ ከሰዓት በኋላ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ደረቴን አላመመኝም፤ የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው ምርመራም (ኢሲጂ) ደኅና ነው ተባልኩ። ሆኖም በደም ምርመራ ትሮፖኒን ከወሰኑ ማለፉ ተነገረኝ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ሲደገም ግን ወደ መደበኛው ተመልሷል። እናቴ «ልብሽን ሳትጎጂ ሩጫውን ተዪው» ብላኛለች። ማቆም ይኖርብኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በደብዳቤዎ ከገለጹልን በመነሣት ሩጫውን እንዲያቆሙ የሚያስገድድ ምክንያት አናይም፤ የእናትዎ ሥጋት ግን ተገቢ ስለሆነ ነገሩን በዝርዝር ማስረዳት ይገባናል።

ትሮፖኒን የልብ ጡንቻን መኮማተር የሚቆጣጠር ፕሮቲን ነው። በጤናማ ሰው ደም ውስጥ የሚገኘው እጅግ አነስተኛ በመሆኑ፣ የልብ የደም ሥር ተዘግቶ ጡንቻው መጎዳቱን ለማወቅ ሐኪሞች በእጅጉ ይተማመኑበታል። ይሁን እንጂ ማራቶንና መሰል ውድድሮችን በጨረሱ ጤናማ ሯጮች ላይ በተደረጉ በርካታ ጥናቶች፣ የብዙዎቹ ትሮፖኒን ለሕመም መለያ ከተቀመጠው ወሰን አልፎ ተገኝቷል። መጠኑን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የሩጫው ብርታት ስለሆነ፣ ከ2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ሽቅብ በሚወጣው በእርስዎ መንገድ ላይ ይህ መታየቱ አያስገርምም።

ከቁጥሩ ይበልጥ ሰዓቱን እንዲያስተውሉ እንመክራለን። በስፖርት ምክንያት የሚጨምር ትሮፖኒን አብዛኛውን ጊዜ ሩጫው ባበቃ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ውስጥ ጣሪያውን ይነካል፤ ከዚያም በአንድ ወይም በሁለት ቀን፣ ቢዘገይ በሦስተኛው ቀን ይወርዳል። የደም ሥር ሲዘጋ ግን ለበርካታ ቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ ከፍ እንዳለ ይቆያል። የዚህ ልዩነት መንሥኤ ገና የሚያከራክር ቢሆንም፣ ብዙ ተመራማሪዎች የሚያቀርቡት ማብራሪያ የሚከተለው ነው፦ አብዛኛው ትሮፖኒን ከጡንቻው ክሮች ጋር ተያይዞ ሲኖር ጥቂቱ በሴሉ ፈሳሽ ውስጥ ልቅ ሆኖ ይገኛል፤ በብርቱ ሩጫ የሴሉ ሽፋን ለጊዜው ሲላላ ይህ ልቅ የሆነው ክፍል ወደ ደም ይወጣል፤ ሴሉ ግን አይሞትም።

የልብ ግድግዳ ሲለጠጥ የሚመነጨውና በደም ምርመራ የሚለካው ኤንቲ ፕሮ ቢኤንፒ የተባለ ንጥረ ነገርም እንዲሁ ከረጅም ሩጫ በኋላ ጨምሮ በጥቂት ቀናት ይመለሳል። ሲኬ የተባለው ኢንዛይም ደግሞ በብዛት የሚወጣው ከእግር ጡንቻ ስለሆነ፣ በሯጭ ደም ውስጥ ከፍ ማለቱ ብቻውን ስለ ልብ የሚናገረው ነገር የለም።

ይህን ስንል ውጤቱን እንደ ዋዛ ይለፉት ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት፣ በአማካይ በ60ዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ የሚገኙ 725 ሰዎች ከ30 እስከ 55 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ከተጓዙ በኋላ ተመርምረው ነበር፤ ትሮፖኒናቸው ከወሰኑ ያለፈው በቀጣዮቹ ዓመታት ለሞትና ለልብ ሕመም ይበልጥ ተጋልጠው ታይተዋል። የእነርሱን ውጤት በቀጥታ ወደ 22 ዓመት ወጣት ማምጣት ባይቻልም፣ ጉዳዩ ገና እየተጠና መሆኑን ያስረዳል።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ሌላ ነው። በአገራችን የብዙ ወጣቶችን ልብ የሚጎዳው፣ በልጅነት ከሚያዝ የጉሮሮ ሕመም የሚነሣው የሩማቲክ ልብ ሕመም ሲሆን፣ ይህም በትሮፖኒን ሳይሆን በልብ አልትራሳውንድ ይለያል። ስለዚህ በልጅነትዎ ጉሮሮዎን እያመመዎት መገጣጠሚያዎ ያብጥ ከነበረ፣ እየሮጡ ራስዎን ስተው ከወደቁ፣ ደረትዎን ካመመዎት፣ ወይም ከቤተሰብዎ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ ልምምዱን አቋርጠው ይህን ምርመራ ሳይውሉ ሳያድሩ ያድርጉ። ከእነዚህ አንዱም ከሌለብዎት ድካሙ ሙሉ በሙሉ እስኪለቅዎት ካረፉ በኋላ ልምምድዎን ቀስ በቀስ መጀመር ይችላሉ፤ ወደፊት ለመደበኛ ምርመራ ደም ሲሰጡም ቀደም ብለው ሁለት ሦስት ቀን ከብርቱ ልምምድ ይታቀቡ፤ መጨረሻ የሮጡበትን ሰዓትና ርቀትም ለሐኪሙ ይንገሩ።