ራም ስጨምር ግራፊክሱም ይጨምራል ወይ?

ጥያቄ፦ ልደታ ካምፓስ አርክቴክቸር እማራለሁ። ላፕቶፔ ኮር አይ 5 8250ዩ ነው፤ ራሙ 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ 1 ቴራ፣ ግራፊክሱ ኢንቴል ዩኤችዲ 620። ስኬችአፕ (የሕንፃ 3ዲ ሞዴል መሥሪያ ፕሮግራም) ላይ ሞዴሉን ሳዞር ስታክ ያደርጋል፤ ክሮም አብሮ ከተከፈተማ ጭራሽ ይቆማል። ሜክሲኮ አካባቢ ያሳየሁት ልጅ «8 ጊጋ ጨምሪበት፣ ግራፊክሱም አብሮ ይጨምራል» አለኝ። እውነት ነው ወይስ ገንዘቤን ላባክን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ የነገረሽ ግማሹ እውነት ነው። የቀረውን ግማሽ ሳታውቂ ከገዛሽ ግን ያወጣሽውን ያህል ለውጥ አታገኚም።

ዩኤችዲ 620 የራሱ ሜሞሪ የለውም። ያለው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው፤ የሚሠራበትን ቦታ የሚበደረው ከራምሽ ነው። ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ራሙ ግማሽ ድረስ ይፈቅድለታል፤ 4 ጊጋ ላይ ወደ 2፣ 8 ላይ ወደ 4፣ 16 ላይ ወደ 8 ጊጋ መሆኑ ነው። ታስክ ማናጀር ላይ ጂፒዩ (ግራፊክሱ ማለት ነው) የሚለውን ስትከፍቺ «ሼርድ ጂፒዩ ሜሞሪ» ብሎ የሚያሳይሽ ቁጥር ይኸው ነው። ቁጥሩ ጣሪያ እንጂ ተቆርጦ የተቀመጠ ድርሻ አይደለም፤ ሲያስፈልገው ብቻ ይወስዳል። ያንቺ ችግር ዊንዶውስ፣ ክሮምና ስኬችአፕ 4ቷን ጊጋ ሲሻሙ ለግራፊክሱ የሚተርፍ መጥፋቱ ነው። ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ አንዳንዱን ዳታ ወደ ሃርድ ዲስኩ ያዛውራል፤ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ከራም ጋር ሲተያይ እጅግ ቀርፋፋ ነው። ክሮም ሲከፈት ጭራሽ የሚቆመው ለዚህ ነው።

እስካሁን ያለው የቦታ ጉዳይ ነው። ሱቅ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነገረው የመንገዱ ጉዳይ ነው። አንድ ራም ብቻ ሲኖር ዳታው የሚመላለሰው 64 ቢት ስፋት ባለው አንድ ቻናል ነው። ሁለት ራም በሁለቱ ስሎት (ራም የሚሰካበት ቦታ) ሲገባ ስፋቱ 128 ቢት ይሆናል። ዲዲአር4 2400 (ዲዲአር4 የራሙ ዓይነት፣ 2400 ፍጥነቱ ነው) ራም አንዱ ብቻውን በሰከንድ ቢበዛ 19.2 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ ሁለቱ አንድ ላይ 38.4። ፕሮሰሰሩ የራሱ ካሽ (ውስጡ ያለ ትንሽና ፈጣን ሜሞሪ) ስላለው ይህ ልዩነት ብዙም አይሰማውም። ግራፊክሱ ግን እያንዳንዱን ምስል የሚሠራው በዚሁ መንገድ እያመላለሰ ስለሆነ ሞዴል ስታዞሪ በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ኢንቴል ራሱ በ11ኛ ጀነሬሽን ላፕቶፖች ላይ አይሪስ ኤክስኢ የተባለው ግራፊክስ በአንድ ቻናል ብቻ ሲሠራ ስሙን ዩኤችዲ ብሎ ነው የሚያሳየው።

ስለዚህ ባለ 16 አንድ ከምትገዢ ባለ 8 ሁለት ግዢ። ገንዘቡ አሁን ካልሞላ ባለ 8 አንድ ገዝተሽ ከነባሩ ባለ 4 ጋር አስገቢ፤ 12 ጊጋ ይሆናል። ከዚያ ውስጥ 8ቱ በሁለት ቻናል፣ የተረፈው 4 በአንድ ቻናል ይሠራል። በኋላ ባለ 4ን አውጥተሽ ሁለተኛ ባለ 8 ትተኪበታለሽ፤ የሚባክን ነገር የለም። ባለ 4 ጨምሮ 8 ላይ ማቆሙን ግን አልመክርሽም፤ ለአርክቴክቸር ሥራ ቶሎ ያንስሻል።

ከመግዛትሽ በፊት ታስክ ማናጀር ላይ ሜሞሪ የሚለውን እዪ። «ስሎትስ ዩዝድ» 1 ከ2 ካለ አንዱ ባዶ ነው። «ፎርም ፋክተር» ላይ «ሮው ኦፍ ቺፕስ» ካለ ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነውና አይወጣም፤ የክፍት ስሎት መኖር የሚረጋገጠው ተከፍቶ ሲታይ ነው። የምትጠይቂው የላፕቶፕ ዲዲአር4 ነው፦ 260 እግር፣ 1.2 ቮልት፣ ስቲከሩ ላይ ፒሲ4 2400ቲ ወይም ፒሲ4 19200 የሚል። 2666ም 3200ም ይሠራል፤ ፍጥነቱን ወደ 2400 ያወርዳል። ፒሲ3ኤል የሚለው የዲዲአር3 ስለሆነ በእግሮቹ መሃል ያለችው ቁርጥ ክፍተት ቦታዋ ይለያል፤ አይገባም፣ በግድ ከተጫነ ስሎቱ ይሰበራል።

ያገለገለ ከሆነ ስቲከሩን አትመኚ፣ ስቲከር ይቀየራል። እዚያው ተገጥሞ መጠኑንና ፍጥነቱን ታስክ ማናጀር ላይ ሳታዪ አትክፈዪ፤ የመቀየሪያ ቀንም አስጽፊ። ቤት ስትደርሺ የዊንዶውስን ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ ክፈቺ፣ ሲጀምር ኤፍ1 ተጫኚና ኤክስቴንድድ የሚለውን መርጠሽ ሌሊቱን ተዪው። አንድ ስህተት እንኳ ካወጣ መልሺው። እየሠራሽ ሳለ ሰማያዊ ስክሪን የሚያመጣውና ፋይል የሚያበላሸው እንዲህ ያለ ራም ነው።

ሲገጠም ሺፍት ተጭነሽ ሻት ዳውን በይው፣ ቻርጀሩን ንቀዪ፣ የባትሪውን ሶኬት ከማዘርቦርዱ አላቅቂ፣ ፓወሩን 15 ሰከንድ ያህል ተጫኚ። ራሙን በጠርዙ ያዢ፤ ወርቃማውን እግር አትንኪ። 30 ዲግሪ አካባቢ አዘንብለሽ እግሩ ከሞላ ጎደል እስኪሰወር ግፊው፣ ከዚያ ወደታች ስትጫኚው የሁለቱም ጎን መያዣ ቀጭ ይላል። ስታበሪው ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ አትደንግጪ፤ አዲስ ራም ሲያገኝ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይቆያልና ጥቂት ደቂቃ ጠብቂ። አሁንም ካልበራ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ በደንብ አለመግባቱ ነው። አውጪና እግሩን በአይሶፕሮፒል አልኮል ጠርገሽ መልሺው፤ ካልሆነ አንድ አንዱን ለየብቻ በሁለቱም ስሎት ሞክሪ። የተበላሸው ራሙ ይሁን ስሎቱ በዚህ ይለያል።

ከተከፈተ አይቀር ፋኑን ከአቧራ አጽጂ፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያስተላልፈው ፓስታም ይቀየር። ግራፊክሱ ዳታ በፍጥነት ሲደርሰው የበለጠ ይሠራል፣ የበለጠም ይሞቃል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ያው ፋን የሚያወጣው ሙቀት ቆላ ላይ ከሚያወጣው ያንሳል። ሙቀቱ ሲበዛ ፕሮሰሰሩ ራሱን ያዘገያል፤ የከፈልሽበትም ለውጥ ይጠፋል።

ከራሙ ቀጥሎ ገንዘብ ስታገኚ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ በጣም በሚፈጥን ማከማቻ) ቀይሪ፤ ለዊንዶውስና ለፕሮግራሞችሽ 256 ጊጋ ይበቃል።

ራም የማይፈታውንም ልንገርሽ። ኤንስኬፕና ሉሚዮን (ሞዴሉን እውነተኛ ወደሚመስል ምስል የሚቀይሩ ፕሮግራሞች) የራሱ ሜሞሪ ያለው ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋሉ፤ 32 ጊጋ ራም ብታስገቢም ዩኤችዲ 620 ለእነሱ አይሆንም። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ገብቶ ለግራፊክሱ የሚቆረጠውን ሜሞሪ ከፍ ማድረግም፣ በተለይ 4 ጊጋ ላይ እያለሽ፣ ከስኬችአፕ ቀምቶ መስጠት ነው፤ አትንኪው።

ራሙ እስኪገዛ ዛሬውኑ ስኬችአፕ ላይ ሻዶውን አጥፊ፣ ስታይል ውስጥ ፕሮፋይልስ (ወፍራም የጠርዝ መስመር) የሚለውን አንሺ፣ የመስመር ጠርዝ የሚያለሰልሰውን አንቲ ኤልያሲንግ ወደ 0 አውርጂ። ከኢንተርኔት ያወረድሻቸው የዛፍና የመኪና ሞዴሎች ካሉ በየራሳቸው ታግ ደብቀሽ ሥሪ፤ ለማቅረቢያ ምስል ስታወጪ ብቻ ግለጪያቸው።