ሼፍ ሆናችሁ ውጭ ለመሥራት ለምታስቡ ልጆች

ሐዋሳ ውስጥ ምግብ ዝግጅት የሚማሩ ልጆች «ጋሼ፣ ዱባይ ብሄድ ይሻለኛል ወይስ እዚሁ ልሥራ?» ይሉኛል። መሄዱ አይከፋም። እኔም ስድስት ዓመት ሠርቼበት ነው የመጣሁት። ግን እንደኔ አትሂዱ።

እኔን የወሰደኝ ደላላ ነው። «በቪዚት ቪዛ ግባ፣ ሥራው እዚያ ይጠብቅሃል» አለኝ። ገንዘቤን ቆጥሬ ሰጠሁት። ስደርስ የተሰጠኝ ሥራ ዕቃ ማጠብ ነበር። አራት ወር ሙሉ ፖሊስ ባየሁ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይል ነበር። በኤምሬትስ ሕግ በጉብኝት ቪዛ መሥራት ክልክል ነው። የቅጥሩን ወጪ መሸፈን ያለበትም አሠሪው ነው፤ ፓስፖርታችሁንም መያዝ አይችልም። የኛም አገር የውጭ ሥራ ስምሪት አዋጅ የቪዛውንና የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን ወጪ በአሠሪው ላይ ነው የጣለው። ደላላው «ለቪዛ ይህን ያህል አምጣ» ካላችሁ ተነሥታችሁ ውጡ።

ወረቀቱ ካማረ በኋላ የሚጠየቀው እጃችሁ ነው። ብዙ ኩሽና ከመቅጠሩ በፊት አንድ ቀን ያሠራችኋል። በመጨረሻ ያሠራኝ ሆቴል ሱ ሼፍ (የዋናው ሼፍ ምክትል) አንድ ጆንያ ሽንኩርትና ጥቂት ዶሮ ሰጠኝና ዝም ብሎ ቆመ። ሽንኩርቱን የሚያይ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የሚያየው መክተፊያዬን ነበር። ዶሮውን ከቆረጥኩበት ላይ ሰላጣ ላስቀምጥ ስል እጄን ያዘኝ። ለጥሬ ሥጋ ቀይ፣ ለዓሣ ሰማያዊ፣ ለሰላጣ አረንጓዴ መክተፊያ እንዳለ እዚያው ተማርኩ። ደግነቱ ሁለተኛ ዕድል ሰጠኝ። እናንተ ይህን እዚሁ እያላችሁ ልመዱት።

ሲቪያችሁ ላይ ደግሞ «ሼፍ» ብላችሁ አትጻፉ፣ ካልሆናችሁ። የጀመረ ሰው ኮሚ፣ ማለትም ጀማሪ ረዳት ነው። ከኮሚ ተነሥቶ ማደግ ያኮራል፤ ውሸት ግን በመጀመሪያው ሰዓት ይጋለጣል።

የኛን ሙያም አትናቁ። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ጠዋት ሄዳችሁ ልጆቹ ቆሮሶ ዓሣ ሲገፍፉ ተመልከቱ። ቢላው የጀርባ አጥንቱን ተጠግቶ ሲሄድ ጭርጭር ይላል፤ ሥጋው ሳይባክን ይላቀቃል። ይህን እጅ የሚፈልግ ኩሽና ሞልቷል። ጾማችንም እንዲሁ ነው። ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል ምግብ ማጣፈጥ በውጭ «ቪጋን» ብለው አሁን የሚማሩት ነው። እናቶቻችን ሽንኩርቱን ቀስ ብለው እያቁላሉ በልጅነታችን ያሳዩን ነገር ነው። ፈተና ላይ «የምትወደውን ሥራ» ሲሉኝ የሠራሁት ሽሮ ነበር፤ ሱ ሼፉ ድስቱን በዳቦ ጠረገው።

ውል ከመጣላችሁ ሳትፈርሙ አምጡልኝ። ከምሳ በኋላ ኩሽናው ጋብ ሲል አረፍ እላለሁ፤ ቁጭ ብለን መስመር በመስመር እናነበዋለን።