ሥራ ሲበዛበት ድርግም የሚል ኮምፒውተር

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፣ የምተዳደረውም የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት በማድረግ ነው። ከ3 ወር በፊት ደሴ ፒያሳ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዛሁ። እዚያ ሲከፈት ምንም አልነበረበትም። እዚህ ግን ሬንደር (ኤዲት ያደረግኩትን አጠናቅሮ ወደ አንድ ቪዲዮ ማውጣት) ከጀመረ 10 ደቂቃ ሳይሞላው ድርግም ይላል። አንዱ ጥገና ቤት ፓወር ሰፕላዩ (ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ነው አለኝ፣ ሌላው ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ነው አለ። ብሬን የቱ ላይ ላውጣ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ለጊዜው ምንም አትግዛ። የነገሩህ ልክ ሊሆን ይችላል፣ ግን ሳይለካ የተባለ ነው። ከሁሉ በፊት የሰርግ ፋይሎችህን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጥ። ሥራ መሃል የሚጠፋ ኮምፒውተር ፋይል ያበላሻል፣ የሰው ሰርግ ደግሞ ድጋሚ አይቀረጽም።

ሱቅ ውስጥ ሲከፈት ፕሮሰሰሩ (ስሌቱን የሚሠራው ቺፕ) ሥራ ፈትቶ ነው የተቀመጠው። ሬንደር ላይ ግን ኮሮቹ (የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍሎች) ሁሉ አንድ ላይ ይሮጣሉ፣ ሙቀቱም ያኔ ነው የሚመጣው። የደሴ፣ የጦሳ ተራራ ሥር ብርድና የኮምቦልቻ ሙቀት ደግሞ አንድ አይደለም፤ ክፍሉ በ5 ዲግሪ ሲሞቅ ፕሮሰሰሩም ያንኑ ያህል ገደማ ይጨምራል።

ስለዚህ ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫንና ሙቀቱን እያየህ ፕራይም 95ን አስነሳ። በፈረንጆቹ 1996 ትልልቅ ፕራይም ቁጥሮችን ለመፈለግ የተሠራ ነው፣ ፕሮሰሰሩን ፋታ ስለማይሰጠው ሰው መፈተኛ አደረገው። ስሞል ኤፍኤፍቲ የሚለውን ምረጥ፣ ከአጠገቡም አትነሳ። 80 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ ከረጋ ደህና ነው። በ1 ደቂቃ ውስጥ 95ን ካለፈ ግን ቶሎ አቁመው። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ መጀመሪያ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፣ ሙቀቱ ከዚያም ካለፈ ማሽኑ ራሱን ለማዳን ይጠፋል።

ይህ ከሆነ እሰየው፣ በትንሽ ብር ይድናል። በቅርቡ የጓደኛዬን ዴስክቶፕ ስከፍት አቧራው ከፋኑ ሥር እንደ ጋቢ ተደርቦ በጣት ተነሳ፣ ቴርማል ፔስቱ (ከፕሮሰሰሩ ሙቀቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረው ቅባት) ደግሞ እንደ ደረቀ ሊጥ በጥፍር ይፈረፈር ነበር። አቧራውን አራግፈን፣ አሮጌውን ፔስት በአልኮል ጠርገን የምስር ፍሬ የምታክል አዲስ ፔስት አደረግንበት። አንተም ከማጽዳትህ በፊትና በኋላ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት በነጥብ የሚለካውን ሲነቤንችን ለ10 ደቂቃ አሂድና ነጥቡን ጻፍ፤ ሙቀት ይዞት ከነበረ ነጥቡ ከፍ ይላል።

ሙቀቱ 70 ላይ ሆኖም ከጠፋ ያኔ ፓወር ሰፕላዩን ጠርጥር። ግራፊክስ ካርድ ካለህ ፕራይም 95ን ብቻውን፣ ቀጥሎ ግራፊክስ ካርዱን የሚያስጨንቀውን ፈርማርክን ብቻውን፣ በመጨረሻ ሁለቱን አንድ ላይ አሂድ። ለየብቻ ችሎ አንድ ላይ ሲሆን ድርግም ካለ ጉልበቱ አልበቃም ማለት ነው። ያኔም ቢሆን ከጓደኛ አቅሙ የሚመጥን ፓወር ሰፕላይ ለአንድ ማታ ተውሰህ ሞክር እንጂ ወዲያው አትግዛ። ማዘርቦርዱን የምታስበው ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ ብቻ ነው። ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻው) አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል እንጂ እንዲህ ድርግም አያደርግም፣ ልብህ ካላረፈ ግን ራሙን የሚፈትሸውን ሜምቴስት 86ን ፍላሽ ላይ ጭነህ ሌሊቱን ተወው። አንድ ስህተት እንኳ ካሳየህ ራሙን አንድ በአንድ እየነቀልክ ድገመው።